የእንግሊዝኛን ተገብሮ ግስ ለጀማሪ ልጆች ስለማስተማር

በእናንተ ድጋፍ የሚማሩ ልጆች ለረጂዎቻቸው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ቃል «ተወለድኩ» የሚለው ነው። በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ዋዝ ቦርን» ተብሎ በሦስት ቃላት ይነገራል። ጀማሪው ልጅ «ዋዝ»ን ትቶ «አይ ቦርን» ይላል። ይህን አንባቢ አይቶ ያልፈዋል። ነገር ግን አባቱ የተገደለበት ልጅ ያችኑ «ዋዝ» ቢተዋት «ማይ ፋዘር ኪልድ» ብሎ ይጽፋል፤ ትርጉሙም «አባቴ ገደለ» ይሆናል። አንዲት ትንሽ ቃል በመጉደሏ የተበደለው በዳይ ሆኖ ይነበባል ማለት ነው።

ተገብሮ ግስ፣ ማለትም በትምህርት ቤት «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለው፣ ለልጆቻችን በሐሳብ ደረጃ እንግዳ አይደለም። አማርኛ «ጻፈ» በሚለው ላይ «ተ»ን ጨምሮ «ተጻፈ» ይላል። በመድረሳ ሰርፍ የቀራ ልጅም «ከተበ» ወደ «ኩቲበ» ሲለወጥ ግሱ «መብኒ ሊል መጅሁል»፣ ይኸውም አድራጊው ላልታወቀ የተገነባ እንደሚባል ያውቃል። የአድራጊውን ቦታ የያዘው ስም ደግሞ «ናኢቡል ፋዒል»፣ የአድራጊ ምትክ ይባላል፤ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስያሜ አላገኘንም። እንግሊዝኛ ግን «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዋዝ» ወይም «ዌር» ከሚባሉት ረዳቶች አንዱን አምጥቶ ከግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር ያቆራኛል። ስለዚህ «ሮት» የነበረው «ዋዝ ሪትን» ይሆናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ መምህራን «ተ ባያችሁ ቁጥር ዋዝ አስገቡ» የሚል አቋራጭ ይሰጣሉ። ይህ አቋራጭ ልጁን ገደል ይከተዋል። «ተቀመጠ»ና «ተነሣ» በ«ተ» ቢጀምሩም ተገብሮ አይደሉም። «ተመለሰ» ደግሞ ሁለት መልክ አለው፦ «መጽሐፉ ተመለሰ» ሲባል «ዘ ቡክ ዋዝ ሪተርንድ» ነው፤ «ልጁ ከትምህርት ቤት ተመለሰ» ሲባል ግን «ዋዝ» የለበትም። መለያው «በማን?» ብሎ መጠየቅ ነው። መጽሐፉ በማን ተመለሰ ቢባል መልስ አለው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት በማን ተመለሰ ቢባል ልጆቹ ራሳቸው ይስቃሉ። ይህን ጥያቄ እንግሊዝኛ የማያውቁ አሳዳጊ እናትም ማታ በቤታቸው ሊጠይቁት ይችላሉ፤ ጥያቄው በአማርኛ ነውና።

ትምህርቱ በኃላፊ ጊዜ እንዲጀመር እንመክራለን። ምክንያቱም በአሁንና በትንቢት ጊዜ «ተ» ትሰወራለች፤ «ይበላል» የሚለው ሲላላ «እሱ ይበላል»፣ ሲጠብቅ «ምግቡ ይበላል» ይሆናል፤ በጽሑፍ ግን ልዩነታቸው አይታይም።

ለመነሻ የሚሆኑት ደግሞ በ«ኢድ» የሚያልቁ ግሶች ናቸው፤ የሦስተኛውን ቅርጽ ሸክም ያቀልላሉና። ቡና ጥሩ መምህር ነው። ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ተቀዳ። «ዋዝ ዎሽድ»፣ «ዋዝ ሮስትድ»፣ «ዋዝ ፓውንድድ»፣ «ዋዝ ፖርድ»። ልጁ በየቀኑ ያየውን ይናገራል፤ ቡናውን ማን እንደቆላው መናገርም አላስፈለገውም። ከዚያ በኋላ «ሪትን»፣ «ብሮክን»፣ «ሜድ» የመሳሰሉትን በየቀኑ ሁለት ሦስት እያደረገ መያዝ ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሀገራችን በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ «ይመዘናል»፣ «ይጨመራል»፣ «ይጣራል» የሚሉት ሁሉ በዚህ አገባብ ይጠብቁታል።

«ዓሊ ደብዳቤውን ጻፈ» የሚለውን ወደ «ደብዳቤው በዓሊ ተጻፈ» እየገለበጡ ማስጻፍ በየክፍሉ የተለመደ ልምምድ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት አይከፋም። ሲበዛ ግን ልጁ እያንዳንዱ ተገብሮ ዓረፍተ ነገር «ባይ» የግድ ያለበት ይመስለዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ አድራጊውን ሳይጠቅሱ ያልፋሉ። በዚያም ላይ የአማርኛው «በ» ብዙ ሥራ ስላለው «በቢላ ተቆረጠ»ን «ባይ ኤ ናይፍ» ብሎ ይተረጉማል። ቢላ መሣሪያ እንጂ አድራጊ ስላልሆነ «ዊዝ ኤ ናይፍ» ይባላል።

«ባይ» የሚገባው ሊነገር የተፈለገው አድራጊው ራሱ ሲሆን ነው። ልጁን ያሳደገችው አያቱ ከሆነችና ረጂው ይህን እንዲያውቅለት ከፈለገ፣ «አይ ዋዝ ሬይዝድ ባይ ማይ ግራንድማዘር» ብሎ ይጽፋል።