ቼክ ሲቀር ስጦታው እንዳይቀር

ስጦታን በቼክ ጽፎ በፖስታ መላክ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ቼክ የሚጽፈው ሰው እያነሰ ስለ ሄደ፥ እያንዳንዱን ቼክ ማስተናገድ ለባንኮች ውድ ሆኗል። የኒውዚላንድ ትልልቅ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ቼክን ፈጽመው አቆሙ። በብሪታንያም በ2018 እንዲቀር ታቅዶ ነበር፤ ነገር ግን የአረጋውያንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለ ተቃወሙ እቅዱ በ2011 ተሰረዘ።

በቼክ ምትክ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ማዛወር፥ በየወሩ እንዲከፍል ባንኩን ማዘዝ፥ ወይም በካርድ መክፈል ይቻላል። ቼክ የሰጪውን ስም ይዞ ይመጣል፤ በባንክ ስትልኩ ግን ስማችሁንና ስጦታው ለየትኛው ሥራ እንደ ሆነ ጻፉ። የሒሳብ ቁጥራችን ተለወጠ የሚል ደብዳቤ ቢደርሳችሁ፥ ከመላካችሁ በፊት በምታውቁት ስልክ ጠይቁን። በየጉባኤያችሁ ያሉ አረጋውያንም መንገዱ ስለ ተለወጠ ብቻ ከመስጠት እንዳይቀሩ፥ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እርዱአቸው።