ተበላ የሚያውቀው ካርቦንና ገና ያልደረሰው ሶላር

በወላይታ፣ በሁምቦዋ ተበላ ከተማ «ካርቦን» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጫካውን ነው። ተራቁቶ የነበረው የሁምቦ ተራራ፣ 2,728 ሄክታር፣ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ ጉቶው እያቆጠቆጠ መልሶ ለበሰ። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ገባ፤ ዛፎቹ ከአየር ከሳቡት ካርቦን ከፊሉን የዓለም ባንክ ገዛ። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን የዚያው ካርቦን ሌላ መልክ ነው፤ ከፀሐይ መብራት ለማውጣት የሚደክሙ ሰዎች የያዙት።

የመብራት ጥያቄ በወላይታ የቆየ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 ኦሞ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ቆሟል። ሆኖም ከፍተኛ መስመር ያለ ማከፋፈያ ጣቢያና ያለ ትራንስፎርመር ወደ ጎጆ አይወርድም። በ2019 የወጣው አገራዊ ዕቅድ በ2025 ሁሉም ቤት መብራት እንዲያገኝ፣ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጪ በሶላርና በመሳሰሉት እንዲደርሰው አልሞ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ጨለማው አላለቀም።

ታዲያ ፓኔሉን ለምን እዚሁ አንሠራውም? ሲሊከን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ቀልጦ፣ ጠርቶ፣ ክሪስታል ሆኖ ማደግ አለበት፤ ፋብሪካው ከባድ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንደ ቀለም የሚቀባ ሶላር መፈለግ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ለዚህ ከተሞከሩት ቁሶች አንዱ ካርቦን ነው። ኩራዝ የሚቀመጥበትን ግድግዳ ልብ በሉ፤ ከላይ ያለው ጥላሸት ካርቦን ነው። በ1985 ክሮቶ፣ ከርልና ስሞሊ 60 የካርቦን አተሞች እንደ ኳስ ተገጣጥመው አገኙ፤ ፉለሪን ይባላል። በ1990 ደግሞ ከግራፋይት ጥላሸት በብዛት ማውጣት ተቻለ። የመጻፊያ እርሳስ እምብርት የሆነው ይኸው ግራፋይት አንድ አተም ውፍረት ባለው ገጽ ሲላጥ ግራፊን፣ ገጹ ሲጠቀለል ናኖ ቱቦ ይሆናል።

ብርሃን ሶላሩን ሲመታ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፤ ፈጥኖ የሚቀበለው ካጣ ግን ተመልሶ እዚያው ይወድቃል። ፉለሪን ጥሩ ተቀባይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች የገቡት በዚህ በኩል ነው። ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦች ጋር ብርሃን የሚውጡ ፖሊመሮችን ሠርተዋል፤ ፖሊመሮቹም ከፉለሪን ጋር ተደባልቀው ተፈትነዋል። ተከተል ዮሐንስና ሽመልስ አድማሴም በዚሁ መስክ ደክመዋል። ይህን ሥራ የሚያውቀው ሕዝብ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ዛሬ ተስፋው ያለው ፔሮቭስካይት በተባለው ቁስ ላይ ነው። በ2009 ወደ መብራት የሚለውጠው ከብርሃኑ 3.8 በመቶውን ነበር፤ አሁን በቤተ ሙከራ ከ25 በመቶ በላይ ደርሷል። ብዙ ጊዜ ጀርባው ወርቅ ይቀባል። በ2014 የቻይናዋ ዉሃን ተመራማሪዎች በወርቁ ፋንታ የካርቦን ሊጥ አትመውበት 12.8 በመቶ አገኙ፤ ከ1,000 ሰዓት በላይም በፀሐይ ቆየ። ካርቦን ርካሽ ነው፣ አይዝግም፣ እርጥበትን ይገፋል። ሊጡ የሚታተመውም ቲሸርት ላይ ጽሑፍ እንደሚታተመው ነው፦ ወንፊት ጨርቅ በፍሬም ተወጥሮ፣ ቀለሙ በመጥረጊያ ይሳባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ቢያገኝ 1,000 ሰዓት ስድስት ወር አይሞላም፤ ሲሊከን ግን የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በሬ ሸጦ ለገዛ ገበሬ የቤተ ሙከራ ቁጥር ዋስትና አይሆነውም። ፔሮቭስካይቱ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት አለ፤ የተሰበረውን ማን ሰብስቦ የት እንደሚያስቀምጠው ከሽያጩ በፊት መወሰን አለበት።

ዛሬ መብራት የሚያስፈልገው ቤት ሲሊከኑን ይግዛ፤ አይጠብቅ። አዲሱን ግን ከውጭ ተፈትኖ እስኪመጣ መቀመጥ የለብንም። የአባያ ዳር ሙቀት፣ የበጋው አቧራና የክረምቱ ዝናብ ያሉት እዚህ ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። ለመጀመሪያው ፍተሻ ጥቂት ናሙና፣ አንድ ጣሪያና ለዓመታት በየሳምንቱ ወጥቶ ቁጥሩን የሚመዘግብ ሰው ይበቃል።