የበገናው ድምፅ ወዴት ሄደ? የላፕቶፕ ስፒከር ደዌና ባሕርይ

በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት፥ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የበገና መዝሙር እንዲያዳምጥ በማሰብ ላፕቶፔን ከፍቼ ከአልጋው ብርድ ልብስ ላይ ባስቀምጠው፥ አክስቴ ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ካደመጡ በኋላ፥ «ልጄ፥ የዘማሪው ቃል በጭላንጭልም ቢሆን ይሰማኛል፤ በገናው ግን ወዴት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የድምፁን መጠን አስቀድሜ እስከ 100 አድርሼው ነበርና ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። ነገሩን ስመረምር ግን፥ «የላፕቶፔ ድምፅ ደከመ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ችግር ሁለት መሆኑን ተረዳሁ፤ አንደኛው ደዌ ነው፥ ይኸውም መሣሪያው ሊሰጠው የሚችለው ድምፅ በመንገድ ተሰናክሎ መቅረቱ ነው፤ ሁለተኛው ባሕርይ ነው፥ ይኸውም መሣሪያው ከተሠራበት ቀን አንሥቶ ከቶ ሊያወጣው የማይችለው ድምፅ መኖሩ ነው። ደዌው ይፈወሳል፤ ባሕርዩን ግን ዐውቀው ሊረዱት እንጂ ሊያስገድዱት አይገባም።

ስለ ባሕርዩ አስቀድሜ ልናገር። በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ያለው ስፒከር፥ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 በጽሑፍ ከገለጡት አሠራር በመሠረቱ አልተለየም። በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ቀጭን የሽቦ ጥቅል፥ የኤሌክትሪክ ኀይል ሲመላለስበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዋወጣል፤ ከጥቅሉ ጋር የተጣበቀው ስስ ሽፋንም አየሩን እየገፋና እየሳበ ድምፅን ይወልዳል። ቀጭን ድምፅ ለመውለድ ጥቂት አየር ይበቃል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ብዙ አየር ማናወጥን ይጠይቃል፤ የድምፁ ንዝረት በእኩሌታ በቀነሰ ቍጥር ሽፋኑ አራት እጥፍ ርቆ መመላለስ አለበትና። ስለዚህ በሰከንድ 400 ጊዜ በሚነዝር ድምፅ የተገኘውን ብርታት በሰከንድ 50 ጊዜ በሚነዝር ድምፅ ለማግኘት፥ ያው ሽፋን 64 እጥፍ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ጣት በማይሞላ ውፍረት ውስጥ ለታፈነና ብዙውን ጊዜ ከ2 ዋት ለማይበልጥ ስፒከር ይህ ከዐቅሙ በላይ ነው።

የበገና ወፍራም አውታሮች ደግሞ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በታች የሚነዝሩ ናቸውና፥ አክስቴ የፈለጉት ድምፅ ከዚያ ሣጥን ሊወጣ እንደማይችል ከዚህ ይታወቃል። ይሁን እንጂ እጅግ የሚያስደንቀኝ ነገር፥ በገናው በላፕቶፕም ቢሆን ፈጽሞ አለመጥፋቱ ነው። ከዐሥሩ አውታሮች ከእያንዳንዳቸው ሥር፥ ከድልድዩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፥ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲመታ የድልድዩን ጠርዝ እየነካ ስለሚንቀጠቀጥ፥ ያ የምናውቀው እዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ በዚህም ድምፅ ውስጥ ከመሠረታዊው ንዝረት በላይ ሁለት፥ ሦስት፥ ዐሥር እጥፍ የሆኑ ቀጫጭን ንዝረቶች አብረው ይመጣሉ። የሰው ልቡና እነዚህን ልጆች በሰማ ጊዜ ያልሰማውን አባት ከእነርሱ ተነሥቶ ያውቀዋል፤ ስፒከሩ ያላወጣውን ወፍራም ቃና ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። የጥንት አበው በቆዳና በጅማት የሠሩት ጥበብ፥ ባላሰቡት ዘመን ባላሰቡት መሣሪያ ላይ ይህን ያህል መርዳቱን ሳስብ ልቤ በአድናቆት ይሞላል።

አሁን ወደ ደዌው እንመለስ። ለምርመራ የሚበልጠው መንገድ ቀላል ነው፤ አስቀድመው በሌላ መሣሪያ በደኅና ድምፅ የሰሙትን አንድ ቅጂ ይምረጡና በላፕቶፑ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡት። በጆሮ ማዳመጫም ደክሞ ከተሰማ ጥፋቱ ከስፒከሩ በፊት፥ በሶፍትዌሩ ዘንድ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ በርትቶ በስፒከሩ ብቻ ከደከመ ግን፥ ጥፋቱን በስፒከሩና በአካባቢው ይፈልጉ።

በሶፍትዌር በኩል ብዙዎች የሚዘነጉት፥ በዊንዶውስ ላይ የድምፅ መጠን የሚወሰንበት ቦታ አንድ ብቻ አለመሆኑን ነው። በሰዓቱ አጠገብ ያለው መጠን 100 እያለ፥ «ቮልዩም ሚክሰር» በሚባለው ገጽ ውስጥ የአንዱ ፕሮግራም ድርሻ ወደ 20 ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ከዚህም የረቀቀ አለ፤ ከልጆቻቸው ጋር በኢንተርኔት የሚነጋገሩ ወላጆች ጥሪው ሲጀመር መዝሙሩ ወይም ዜናው በድንገት ሲደክምባቸው ማሽኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ጥሪ መኖሩን ባወቀ ጊዜ የሌሎቹን ድምፅ በ80 ከመቶ እንዲቀንስ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ «ኮሙኒኬሽንስ» የሚለውን ከፍተው የመጨረሻውን ምርጫ፥ «ዱ ናቲንግ» የሚለውን ቢመርጡ ይህ ይቀራል። የቀኝና የግራ ሚዛኑም እኩል መሆኑን ይዩ። ድምፁ የደከመው ዊንዶውስ ከታደሰ ወዲህ ከሆነ፥ የድምፁን ድራይቨር ከላፕቶፑ ሠሪ ድርጅት ገጽ ብቻ አውርደው እንደገና ይጫኑ።

በአካል በኩል ደግሞ፥ የብዙ ላፕቶፖች ስፒከር ከሥር በኩል ስለሆነ ድምፁ ከጠረጴዛ ነጥሮ ወደ እኛ እንዲመጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ብርድ ልብስና ፍራሽ ግን ድምፁን ይውጡታል። የእኔም ስሕተት ከዚህ ጀመረ። ቀዳዳዎቹን አቧራ ከደፈናቸው፥ ማሽኑን አጥፍቶ በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው እንጂ መርፌ መስደድ ሽፋኑን ይቀዳል። የተቀደደ ሽፋን በወፍራም ድምፅ ጊዜ ስለሚንኮሻኮሽ ይታወቃል፤ መድኀኒቱም መለወጥ ነው። ተለውጦም ሳለ ድምፁ ከቀድሞው የሳሳ እንደ ሆነ፥ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተገላብጦ ተበይዶ ይሆናል፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስበው ወፍራሙ ድምፅ በመካከል ይጠፋል። ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያዞሩት ድምፁ ከሁለቱ ይልቅ ወፍሮ ከተሰማ ጥርጣሬው እውነት ነውና ወደ ጠጋኙ ይመልሱት።

ድምፅን ከ100 በላይ አሳድጋለሁ የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን አልመክርም። ቅጂው ራሱ ደክሞ የተቀዳ ከሆነ ጥቂት ይረዳሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን የድምፁን ራስ ይቈርጡታል፥ ጆሮንም ያሻክራሉ። የሰው ጆሮ አንድን ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማው ኀይሉ ወደ ዐሥር እጥፍ ማደግ ይኖርበታል፤ 2 ዋት የሚችል ስፒከር 20 ዋት ይሸከም ማለት ጥቅሉን በሙቀት ማቃጠል ነው።

በማግስቱ ምሽት ላፕቶፑን ከብርድ ልብሱ አንሥቼ በጠረጴዛ ላይ አኖርሁት፤ ቃሉ ጠርቶ ተሰማ። ቀጥሎም የቆየ የጠረጴዛ ስፒከር በገመድ አገናኘሁበትና አክስቴ ወፍራሙን አውታር ሰሙ። እርስዎም ለጥገና ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የሚያውቁትን መዝሙር ይዘው ላፕቶፕዎን ይመርምሩ።