«ዋና አልችልም» ብሎ መናገር ነፍስ ያድናል፦ ከጉለሌ ተነስተው ባሕር ለሚገቡ



ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ዶክተር፣ ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ስኖርክሊንግ የሚባለውን መሞከር አምሮኛል፣ ግን ዋና አልችልም። ችግር አለው?»

አጭሩ መልስ፦ ጤነኛ ከሆናችሁ፣ ላይፍ ጃኬት ካደረጋችሁና ጥሩ አስጎብኚ ካለ ይቻላል። ግን ጀልባው ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር ጮክ ብላችሁ መናገር አለባችሁ። ያንን ባለመናገሬ እኔ ራሴ ምን እንደደረሰብኝ ላጫውታችሁ፤ ምክሩን ከዚያ በኋላ እንሄድበታለን።

ሐኪሙ ዝም አለ

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ። በእኛ ልጅነት ውኃ ማለት በጀሪካን የሚቀዳው፣ አለዚያም ክረምት ላይ ከእንጦጦ እየደነፋ የሚወርደው ጎርፍ ነው። «ወንዝ አጠገብ እንዳላይህ!» እየተባልን ነው ያደግነው። በሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ሳንባ ስንት መጽሐፍ ሳነብ ኖሬ፣ አንድም ቀን አገጬ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር።

እኔና ባለቤቴ ዛንዚባር ስንሄድ የሙሉ ቀን የጀልባ ጉዞ ያዝን። ከደሴቱ ደቡብ ምዕራብ ከፉምባ መንደር ተነስቶ መናይ የሚባለውን ባሕረ ሰላጤ የሚያዞር ነው። ፕሮግራሙ የእንጨት ጀልባ፣ ኮራልና ዓሣ ማየት፣ ባሕር መሐል ብቅ ያለ ነጭ አሸዋ ላይ ማረፍ፣ ከዚያ ምሳ ነው። መነሻው «ሳ ታቱ» ተባልን፤ በስዋሂሊ 3 ሰዓት ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ እነሱም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከጠዋቱ 12 ጀምረው ስለሆነ የእነሱ 3 ሰዓት የእኛው 3 ሰዓት ነው።

አስጎብኚው ጀልባዋ ላይ ቆሞ «መዋኘት የማይችል አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ዞር ብዬ ባሕሩን ማየት ጀመርኩ። ፈረንጆቹ ፊት፣ ባለቤቴ ፊት፣ «እኔ» ማለት አፈርኩ።

አጠገቤ ከልጃቸው ጋር የመጡ፣ ስልሳዎቹን የተሻገሩ እናት ነበሩ። አዲሱ ገበያ ነው ቤታቸው፤ ጎረቤት ነን ማለት ይቻላል። ልጃቸው ጥያቄውን ስትተረጉምላቸው እጃቸውን አውጥተው «እኔ ውኃ የማውቀው በባልዲ ነው፤ ንገሪው!» አሉ። ጀልባዋ በሳቅ ሞላች። አስጎብኚው ግን የሳቀው ጥቂት ነው። ወዲያው ላይፍ ጃኬታቸውን ራሱ አጥብቆ አሰረላቸው፤ ተንሳፋፊ ቀለበትም ለየላቸው። የእኔን ጃኬት ማሰሪያ ማንም አላየውም፤ እኔም ላላ አድርጌ ነው የተውኩት።

ውኃ ውስጥ ገባን። ፊቴን ነከርኩ። ለጥቂት ሰከንድ ሰላም ነው። ከዚያ ትንሽ ሞገድ መጣችና በቱቦው በኩል ጨዋማ ውኃ አፌ ገባ። ትንፋሼ መፍጠን ጀመረ። ፈጥኜ በተነፈስኩ ቁጥር የበለጠ አየር አጠረኝ። ጃኬቱ ወደ ጆሮዬ ተንሸራተተ። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም። ባለቤቴ ከአምስት ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ሆና ዓሣ ታያለች፤ የማውቃት ባለቤቴ!

አስጎብኚው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከኋላዬ ያዘኝ፣ በጀርባዬ አስተኛኝ፣ ቱቦውን ከአፌ አወጣና «ፖሌ ፖሌ» አለኝ። ቀስ በል፣ ቀስ በል ማለት ነው።

እኚያ እናት በዚያ ሰዓት ቀለበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ እያዩ ነበር። ምሳ ላይ ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ በሽተኛህ ሕመሙን ቢደብቅህ ምን ትለዋለህ?»

ለምንድነው ትንፋሽ የሚያጥረው?

ይህን ከተረዳችሁ ግማሹን ፍርሃት ታሸንፋላችሁ።

አንደኛ፣ ቱቦው። በቱቦ ስትተነፍሱ፣ ያወጣችሁት አየር የተወሰነው ቱቦው ውስጥ ይቀርና መልሳችሁ ትስቡታላችሁ። ቀስ ብሎ በረጅሙ ለሚተነፍስ ሰው ይህ ችግር አይሆንም። በፍርሃት ቶሎ ቶሎ፣ አጠር አጠር አድርጎ የሚተነፍስ ሰው ግን ያንኑ የቃጠሎ አየር ደጋግሞ ይስባል። ሰውነት ደግሞ «አየር አነሰኝ» ብሎ ይደነግጣል። መፍትሔው በኃይል መሳብ ሳይሆን በረጅሙ ማስወጣት ነው።

ሁለተኛ፣ ውኃው ራሱ። ሰውነታችን ውኃ ውስጥ ሲገባ በእግር የነበረ ደም ወደ ደረት ይገፋል፤ የልብ ሥራ ይጨምራል። ሽንት ቶሎ የሚመጣብንም በዚህ ምክንያት ነው። ለጤነኛ ልብ ቀላል ነው፤ ለደከመ ልብ ግን ከባድ ሸክም ሊሆን ይችላል። በሃዋይ የስኖርክሊንግ አደጋዎችን ያጠኑ ባለሙያዎች፣ አንዳንድ ሰዎች ውኃ ሳይውጡ ድንገት ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ ይህም በሳንባ ውስጥ በፍጥነት ከሚጠራቀም ፈሳሽ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገልጸዋል። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይም ቢሆን ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀልድ አይደለም።

«ከአዲስ አበባ ወርጄ ባሕር ጠለል ላይ መተንፈስ ያስቸግረኛል ወይ?» ለምትሉ፣ በተቃራኒው ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ኦክስጅን ይበዛል። የሚያደክማችሁ ሙቀቱና ወበቁ ነው።

እነማን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ?

✅ የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም ደም ግፊታችሁ ያልተስተካከለ። የግፊት መድኃኒት «ለጉዞ ነው» ብላችሁ አታቋርጡ።

✅ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ትንሽ ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ወይም ትንፋሽ የሚቆርጣችሁ። ባሕር ከመግባታችሁ በፊት መመርመር አለባችሁ።

✅ አስም ያለባችሁ። ሰሞኑን ከተነሳባችሁ ይቅርባችሁ። ተረጋግቶ ከሆነም የምትነፉትን መድኃኒት ጀልባው ላይ ይዛችሁ ውጡ፤ ሆቴል አትተዉት።

✅ ስኳር ያለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ። ሳትበሉ አትግቡ፤ ጣፋጭ ነገር ያዙ፤ ለአስጎብኚውም ንገሩት።

✅ የጆሮ ታምቡር የተቀደደባችሁ ወይም ጆሯችሁ የሚመግል።

✅ ነፍሰ ጡሮች። የጀልባው ንጠትና ሙቀቱም ስለሚታሰብ ክትትል የምታደርጉበት ቦታ ጠይቁ።

የሚጥል በሽታ ያለባችሁን ግን በግልጽ ልንገራችሁ፦ ውኃ ውስጥ ሆኖ ቢነሳ ለሕይወት አስጊ ነው። አሸዋው ላይ ሆናችሁ ተዝናኑ።

ከመሄዳችሁ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት አትርሱ። ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ከሚሄድ መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ዛንዚባር ላይ ወባ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ለወባ የለመደ ሰውነት የለንም። ስለ መከላከያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ማታ አጎበርና ረጅም እጅጌ ተጠቀሙ።

መነጽሩንና ቱቦውን የመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ላይ አትሞክሩ። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ገንዳ ውስጥ፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ፣ አሠልጣኝ ባለበት ተለማመዱ። ቆማችሁ ፊታችሁን ብቻ ንከሩ፤ በአፍ ብቻ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ውኃ ሲገባ «ፉ» ብላችሁ በኃይል አስወጡ። ሁለትና ሦስት ቀን ይበቃል። ለልምምድ ብላችሁ ሐይቅ አትግቡ፤ ጣናና ዝዋይ ቢልሃርዚያ አለባቸው፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ከዳሩ ትንሽ እልፍ ሲሉ ድንገት ይጠልቃሉ።

በዕለቱ

የደረሳችሁ ዕለት አትግቡ፤ እንቅልፋችሁን ጠግቡ። ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ፤ ውኃ ጠጡ። ቢራው ከባሕር ከወጣችሁ በኋላ ይደርሳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ እንቅልፍ ሊያመጣባችሁ ስለሚችል ለአስጎብኚው ንገሩ።

ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? ውኃ ውስጥ አብሮን የሚገባው ማነው? ለስንት ሰው አንድ አስጎብኚ ነው? የመጀመሪያው ማረፊያ እግር መሬት የሚነካበት ነው? ባሕሩ በቀን 2 ጊዜ ይሞላል፣ 2 ጊዜ ይሸሻል፤ ዛንዚባር ላይ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፣ ጠዋት የቆማችሁበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊሆን ይችላል። ወቅቱን የሚያውቀው አስጎብኚው ስለሆነ «ውጡ» ሲላችሁ ውጡ።

ጃኬቱን ስታደርጉ ማሰሪያውን ሁሉ እሰሩ። ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጆሯችሁ ድረስ ከመጣ ልል ነው።

ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ ለጀማሪ አልመክርም። ስትጨነቁ ከአፋችሁ «ትፍ» ብላችሁ የምትለቁት ተራ ቱቦ ይሻላል።

ውኃ ውስጥ ከጓደኛችሁ ጋር ጥንድ ሁኑ፤ በየደቂቃው ቀና ብላችሁ ተያዩ። ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ቁሙ ወይም በጀርባ ተኙ፣ ቱቦውን አውጡ፣ እጅ አንሱ፣ ከውኃው ውጡ። ትንፋሽ ለመያዝ ብላችሁ ደጋግማችሁ በኃይል እየተነፈሳችሁ ወደ ታች አትጥለቁ፤ ጎበዝ ዋናተኛም ራሱን የሚስተው እንዲህ ነው።

ከጀርባና ከባት በኩል ፀሐዩ ይጠብሳችኋል። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚባለው ውሸት ነው፤ እጅጌ ያለው ቲሸርት ለብሳችሁ ግቡ። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ለእሱም ለእናንተም ጉዳት ነው። ጥቁር እሾሃም ኳስ የመሰለ እንስሳ ከወጋችሁ፣ ቆዳ በማያቃጥል መጠን በሞቀ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መዘፍዘፍ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ተሰብሮ የቀረ እሾህ ካለ ሐኪም ያውጣው።

አንድ ሰው እየሰጠመ ከሆነ

እንደ ፊልም አይጮህም፤ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ውኃው ላይ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ዝም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች ናቸው።

ዋና የማትችሉ ከሆነ ዘላችሁ አትግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፤ ለእርዳታ ጩኹ። ከወጣ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን አትጫኑ፣ ዘቅዝቃችሁም አትያዙት፤ ጊዜ ማባከን ነው። አየር ያጣ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ በአፍ 2 ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ ደረቱን 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፣ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ነቅቶም እያሳለው ወይም ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።

ስትመለሱ

በውኃው ላይ ተንሳፋችሁ ብቻ ከሆነ በማግስቱ አውሮፕላን መሳፈር ችግር የለውም። በታመቀ አየር ጠርሙስ የሚጠለቀው ዳይቪንግ ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሞከረ ሰው ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12፣ ከደጋገመ 18 ሰዓት ሳይቆይ መብረር የለበትም።

ጆሮ ውስጥ ውኃ ከቀረ ጭንቅላታችሁን ዘንበል አድርጉ፤ በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ጉለሌ ላላችሁበት ሐኪም «ዛንዚባር ነበርኩ» በሉት። ካልነገራችሁት ወባ ላይጠረጥር ይችላል።

የእኔን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ልወጣ ነበር። ከምሳ በኋላ አስጎብኚው ጋ ሄጄ «ዋና አልችልም» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። ጃኬቴን አጥብቆ አሰረ፤ ቀለበቱን ሰጠኝ፤ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ አቆመኝ። በረጅሙ አስወጣሁ፣ ፊቴን ነከርኩ። ከእግሬ ሥር ጣት የምታክል ባለመስመር ዓሣ እየመጣች ትመለሳለች። ምናልባት ሃያ ደቂቃ አየኋት። እናትየው ከአጠገቤ ቀለበታቸውን ይዘው «አየህ አይደል?» ይሉኛል።

ለዛንዚባር፣ ለሞምባሳም ሆነ ለጅቡቲ ሻንጣ እያዘጋጀ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መልካም ጉዞ፣ በጤና ተመለሱ!