ተረግጦ የታጠረው ፍሬ

ልጆቹን ወደ ሙዚየም ይዞ የሄደ ወላጅ ከአፉ የማይለየው ቃል «አትንኩ!» የሚለው ነው። በኦክቶበር 2010 (እ.ኤ.አ.) ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን የቀረበው ሥራ ግን «ግቡ፣ ርገጡ፣ ዝገኑ» የሚል ነበር። ቻይናዊው አይ ዌይዌይ በተርባይን አዳራሹ ወለል ላይ 100 ሚሊዮን ያህል የሱፍ አበባ ፍሬ አነጠፈ። ፍሬው አይበላም፤ ፖርሴሊን ነው። በጂንግደዠን ከተማ 1,600 ያህል ባለሙያዎች በእጃቸው ሠርተው እያንዳንዱን በብሩሽ ቀብተውታል። ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ጠጠር ይመስላል፤ አንዱ ካንዱ መለየቱ የሚታወቀው በእፍኝ ሲይዙት ብቻ ነው። ጎብኚዎች ተራመዱበት፣ ተቀመጡበት፣ ልጆች ቦረቁበት።

ደስታው ግን ከጥቂት ቀናት አላለፈም። ሲረገጥ የሚነሣው ብናኝ ለጤና ያሰጋል ተብሎ ታጠረ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ዳር ቆሞ ተመለከተ።

እርምጃው ተገቢ ነበር እንላለን። ቢሆንም የሸክላ ብናኝ ሳንባ እንደሚጎዳ ሠሪዎቹ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው። ጎብኚው ለአንድ ሰዓት እንዳይተነፍሰው የታጠረለት ብናኝ፣ ፍሬውን ሲሠሩ ለከረሙት ማን አጠረላቸው? የአሠራሩ ፊልም እዚያው ይታይ ነበር። ልጆቻችንን ይዘን ብንሄድ ኖሮ መጀመሪያ የምናቆማቸው እርሱ ፊት ነበር።