ጎታች ጀልባ የት እንዳለች እንዴት ይታወቃል?

በጎጃም ለእርሻችን የምንጠቀምበት ማዳበሪያ በመርከብ ተጭኖ ጂቡቲ ይደርሳል። ትልቅ መርከብ በወደብ ውስጥ እንደ ልቡ መዞር አይችልም። ትንሽ ግን ጉልበተኛ የሆነች ጎታች ጀልባ እየሳበችና እየገፋች ታስጠጋዋለች።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች አንድ የሬድዮ መሣሪያ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። ብዙ ጎታች ጀልባዎችም ይህንኑ ይይዛሉ። መሣሪያው ስማቸውን፣ ያሉበትን ቦታና ፍጥነታቸውን ያስታውቃል። ወሬውም በሞባይል ስልክ ላይ ይታያል።

በሬ ሲሸጥ ስሙ ይለወጣል፤ መልኩ ግን ያው ነው። የመርከብም ስም ይለወጣል፤ ባለ 7 አኃዝ መለያ ቁጥሩ ግን አይለወጥም።

ጎታቿ ወደሚመጣው መርከብ ስትሄድ ከታየች፣ መርከቡ ወደብ ሊገባ ነው ማለት ነው።

ማዳበሪያ ቢዘገይ ዝናብ አይጠብቀንም። ስለዚህ የመርከቡን ስምና ቁጥር ከኅብረት ሥራ ማኅበራችን እንጠይቅ። የት እንደ ደረሰም እንከታተል።