የእማዬ የጎመን ዘር ኮምቦልቻ ሲወርድ

መካነ ሰላም ላደግን ልጆች የጠዋት ሥራ ይታወቃል፤ የምድጃውን አመድ ዝቆ ጓሮ መድፋት። እማዬ ጎመኑ ሥር ትነሰንሰዋለች። «አፈሩ ይወደዋል» ትላለች። እኛ እንስቅ ነበር እንጂ ልክ ነበረች። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አፈሩ ካልሲየሙ እየታጠበ አሲዳማ ይሆናል። ያኔ አሉሚኒየም ከአፈሩ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። አመድ ይህን ያለዝባል፤ የግብርና ባለሙያዎች ኖራ የሚያስበትኑትም ለዚሁ ነው።

አምና እማዬ ጎመንዘር በላስቲክ ቋጥራ «ለአክስትህ አድርስ» አለችኝ። በአቀስታ ደሴ፣ ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ። አክስቴ ከወንዝ በሞተር ውሃ እየሳበች ጎመንና ሰላጣ ለገበያ ታመርታለች። ቅጠሉ ያስጎመጃል። ውሃው ግን አንዳንድ ቀን ቀለሙ ይቀየራል፣ ይሸታል።

«ለምደነዋል» አለችኝ።

እኔ ግን አልለመድኩትምና ማታ ስልኬ ላይ ተተከልኩ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ክረምት ተመራማሪዎች የከተማዋን አምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽና የሚቀበሉትን ሁለት ወንዞች ለክተው ነበር። አንደኛው ወንዝ ላይ፣ ከላይ በሊትር 51 ማይክሮግራም የነበረው ክሮሚየም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀላቀለው 2660 ደርሷል። 52 እጥፍ! ከብረት ማቀነባበሪያ በታች ደግሞ ዚንክ ከ110 ወደ 520 ወጥቷል። ልኬቱ ቆየት ብሏል። ግን ከባድ ብረት እንደ ሌላ ቆሻሻ አይበሰብስም፤ ውሃው ቢጠራ እንኳ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚያ መፍትሔ ፍለጋ ገባሁ። አፈርን በተክል ማፅዳት የሚባል ነገር አለ። ብረት ከአፈር ይስባሉ ተብለው ከሚጠኑት ተክሎች መካከል ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሰናፍጭንና የኛኑ ጎመንዘር!

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደነገጥኩ። ጎመኑ ብረቱን ከሳበ የት ያደርገዋል? ክሮሚየም በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል። ዚንክና ካድሚየም ግን ወደ ቅጠል ይወጣሉ። ቅጠሉን ማጠብ አቧራውን ነው የሚያነሳው፤ ውስጥ የገባውን አይደለም።

ስለዚህ ለፅዳት የተተከለ ጎመን አይበላም፣ ለላም አይሰጥም፣ ደርቆም ምድጃ አይገባም። ቢነድ ብረቱ አመዱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የእማዬን ልማድ እዚህ መድገም ያወጡትን መልሶ ጓሮ መበተን ነው። ታጭዶ ተለይቶ መወገድ አለበት፣ ያውም ለዓመታት እየተደጋገመ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ማሳ ለሚኖር ሰው ይህ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሌላው መንገድ ብረቱን ባለበት ማሰር ነው። ኖራ እርሳስን፣ ዚንክንና ካድሚየምን ይይዛል። ክሮሚየም ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አደገኛው ዓይነት አሲድነቱ በቀነሰ አፈር ውስጥ ይበልጥ ሊንቀሳቀስ ይችላል። እዚያ የሚያግዘው ብስባሽ ነው፤ አደገኛውን ወደ ብዙ ወደማይንቀሳቀሰው ዓይነት እንዲለወጥ ይረዳል። ለእርከን የምናውቀው የቬቲቨር ሣርም አለ። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ አብዛኛውን ብረት ሥሩ ላይ ያስቀራል፣ አፈሩም በጎርፍ እንዳይሄድ ይይዛል። መጀመሪያ ግን አፈሩ መመርመር አለበት። ፍሳሹ በየቀኑ እየመጣ ደግሞ የትኛውም ሣር አያሸንፍም፤ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደመወልወል ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ተነተንኩላት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፦

«እሺ፣ ቅጠል ካልሸጥኩ ምን ልሽጥ?»

ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ብረት ይበልጥ እንደሚይዙ፣ የበቆሎ ፍሬና ቲማቲም በአብዛኛው አነስ እንደሚል ነገርኳት። ዋጋቸው እንደማይገናኝ እሷ ነገረችኝ።

ዘንድሮ ግማሹ ማሳ በቆሎ ሆኗል። ግማሹ አሁንም ሰላጣ ነው፤ የልጆቹ ደብተር የሚገዛው በእሱ ነው። የእማዬን ዘር ደጃፏ ላይ፣ በተቆረጠ ጄሪካን፣ ከሩቅ ባመጣችው አፈርና በቧንቧ ውሃ አብቅላዋለች። ስሄድ ከዚያ ቀንጥሳ ነው የምትሠራልኝ።